የታጠበ ጎመን

«እስቲ ሰውነቷን እዩት! ሥጋው የት እንደገባ ሌላ ምስክር ትፈልጋላችሁ?»

ወጥ ሠሪዋ ሸዋሉል ይህን የሰማችው በአዳሪ ትምህርት ቤቱ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ከምስር ጆንያ ጀርባ ተከልላ መቀነቷን እየፈታች ሳለ ነው። ድምፁ የደባልቄ ነበር፤ ባለፈው ጥቅምት ተቀጥሮ የመጋዘኑን ቁልፍ የተረከበው ሰውዬ። ከመስኮቱ ውጭ የሚያዳምጡት የተማሪ ተወካዮች ነበሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ሥጋ ይቀርብላችኋል ተብለው ከኩርሙክና ከየገጠሩ የመጡት ልጆች ወር ሙሉ ከሽሮና ከክክ በቀር ሳህናቸው ላይ ሌላ ነገር አላዩም። ምክንያቱን ሊጠይቁ ቢመጡ ቁልፍ ያዡ ጣቱን ወደ ወጥ ቤቱ ቀሰረላቸው። አንዱ ተማሪ ሳቀ። ሌላው «እውነት ነው እኮ፤ የኛ አጥንት ሲወጣ ለእሷ በሩ እየጠበባት ነው» አለ። ከዚያ እግራቸው ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ራቀ። ሸዋሉል ወጥታ «ምን አልክ አንተ?» ልትለው እንኳ አትችልም፤ ቀሚሷ እስከ ደረቷ ተሰብስቦ፣ ከሆዷ ያፈተለከውን እብጠት በመዳፏ ወደ ውስጥ እየገፋች ነበርና።

እብጠቱ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ድሮ ለትርፍ አንጀት በተቀደደችበት ጠባሳ በኩል መጀመሪያ እንደ ሎሚ ሆኖ ብቅ አለ፤ ስታስል ይወጣል፣ ስትጋደም ይገባል። አሁን የሕፃን ጭንቅላት አክሏል። ያንን የሁለት መቶ ተማሪ ድስት ከእሳት ባወረደች ቁጥር ይወጣና እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዝዛታል። በሆስፒታሉ ያለው አንድ ለእናቱ ቀዳጅ ሐኪም፣ ዶክተር አብዲ፣ ዳስሶ ሲያበቃ «ይህ በመቀነት የሚያዝ አይደለም፤ መሰፋት አለበት። ግን በዚህ ውፍረት ብሰፋው ይተረተራል፤ ማደንዘዣውም ያስፈራኛል። መጀመሪያ ወደ ሰማንያ አምስት ኪሎ ይውረዱልኝ» ካላት ሰባት ወር አለፈ። «እስከዚያ ድረስ አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስ ቢልስ?» ብትለው የቀጠሮ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷት ነበር። ያን ጊዜ መቶ አራት ኪሎ ነበረች። በጀመረች ሰሞን ሰባት ኪሎ እንደ ቀልድ ወረደላት፤ ከዚያ ከጥር ወዲህ የሚዛኑ ቀስት ዘጠና ሰባት ላይ እንደ ችንካር ተተክሎ ቀረ። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ድረስ ደርሳ ትመለሳለች፤ ጠዋት ያለ ስኳር ሻይ፣ ቀን አንድ ቅቅል ድንች፣ ማታ ያለ ዘይት የበሰለ ጎመን። ሌላ አፏ የሚገባ ነገር የለም። ቀስቱ ግን አይነቃነቅም።

መቀነቷን አጥብቃ አስራ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰች። ረዳቷ ኢንዓም በረጅሙ ማማሰያ ሽሮውን እያማሰለች ነበር፤ አማርኛዋን ከገበያ የለቀመች፣ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» የምትል፣ አፏም ልቧም ግልጽ የሆነ የበርታ ሴት ናት። ሸዋሉል በጭልፋው ጫፍ ቀመሰች፤ ጨው እንደሚያንሰው ለየችና የቀመሰችውን ወደ አመዱ ተፋችው።

«ደግሞ ተፋህ!» አለች ኢንዓም። «አንተ እብድ ነህ ወላሂ። እኛ ጋ ሴት ሊያገባ ሲል ቤት ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይወፍራል። ሰው ሁሉ ማሻአላህ ይላል። አንተ አላህ የሰጠህን ትጥላለህ።»

«ሕመም ነው፣ ኢንዓም። ወድጄ መሰለሽ?»

ኢንዓም ማማሰያውን አቆመች። «ያ ሰውዬ ያለውን ሰማሁ። ሥጋ እኮ እዚህ አልመጣም። እኔ ምስክር ነው።»

«ማን ይሰማሻል?»

 ሁለቱም ወደ መጋዘኑ በር አዩና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሸዋሉል የምሳውን ነገር ለኢንዓም አደራ ብላ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሆስፒታሉ ወጣች፤ ቀጠሮዋ ነበር። የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ በየማዕዘኑ ቢሮ ይሠራል፤ ቀለማቸው ያልደረቀ ታፔላዎች ይተከላሉ፤ ከየአገሩ የተመደቡ ሠራተኞች ቦርሳቸውን በደረታቸው ታቅፈው ቤት ኪራይ ይጠይቃሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ግን ያው የድሮው ማንጎ ነው። ወቅቱ ስለሆነ ቅርንጫፎቹ እስከ ሰው ትከሻ ወርደዋል፤ ሴቶች ሥሩ ተቀምጠው በክምር በክምር ይሸጣሉ፤ አራቱ በአንድ ብር። ሽታው ሸዋሉልን ከሩቅ ያዛት። አንገቷን ወደ ሌላ ወገን አዙራ አለፈች።

ሆስፒታል ውስጥ ሚዛኑ ያለው ሕመምተኞች ወረፋ በሚጠብቁበት ኮሪደር ላይ ነው። ጫማዋን አወለቀች፤ ነጠላዋንም አወለቀች፤ የጆሮ ጉትቻዋን ሳይቀር አውልቃ በእጇ ከጨበጠች በኋላ የያዘችው ነገር ያው ሚዛኑ ላይ መሆኑ ትዝ ሲላት አጠገቧ ለተቀመጠች ሴት ሰጠቻት። ትንፋሿን አወጣች፤ አየርም ቢሆን ይመዝናል ብላ። ነርሷ ጎንበስ ብላ አየችና ኮሪደሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ «ዘጠና ሰባት ተኩል!» አለች።

ጨምራለች። ባለፈው ወር ዘጠና ሰባት ነበረች።

ዶክተር አብዲ ወጣት ነው፤ የወለጋ ልጅ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። ካርዷን አገላብጦ አየ። «ወይዘሮ ሸዋሉል» አለ በመጨረሻ፣ «የሚበሉትን በሙሉ ነግረውኛል?»

«በሙሉ።»

«አልፎ አልፎ እንኳ ወጥ ቤት ውስጥ ቀመስ ሲያደርጉ…»

«እተፋዋለሁ» አለች።  «ቀምሼ እተፋዋለሁ፣ ዶክተር። እግዜር ያየኛል።»

«አልተቆጣሁም። ሰው ነን፤ እንረሳለን። ሰውነት ግን አይዋሽም።» ካርዱን ዘጋው። ከዚያ ዓይኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ፣ ልንገራት አልንገራት እያለ ሲያመነታ የቆየ ሰው ይመስል፣ በሰኔ መጨረሻ ለተጨማሪ ትምህርት እንደሚሄድ ነገራት። በእሱ ቦታ ሌላ ቀዳጅ ሐኪም ይመደብ አይመደብ አያውቅም። ካልተመደበ ነቀምት ወይም አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርባት ነው። «አይዞዎት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት ሲሸኛት። እንቁላሉስ ጊዜ አለው፣ ብላ አሰበች በሩን ስትዘጋ፤ እኔ የት አለኝ? ነቀምት ማን ያስጠጋኛል? አዲስ አበባ የማንን ደጅ ልጠና?

ከግቢው እንደወጣች እግሯ ራሱ ወደ ማንጎዎቹ ወሰዳት። አንድ ክምር ገዛች። ቁጭ እንኳ አላለችም፤ ከግንዱ ጀርባ ቆማ የመጀመሪያውን በጥርሷ ላጠችው። ጭማቂው በክርኗ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው። ሁለተኛውን ምን ጣዕም እንዳለው ሳታውቅ ጨረሰችው። ሦስተኛው ላይ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ፍሬውን እስኪነጣ ጋጠችው። ማን አየ፣ ማን ሰማ? ሳትበላ በልተሻል ከተባለች፣ ሳትቀምስ ቀምሰሻል ከተባለች፣ ለማን ብላ ነው የምትራበው? አራተኛውን ግን እጇ ላይ ይዛ ቀረች። አፏ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ድንገት መረረ። ማንጎውን ለሻጯ መለሰችላት፤ ሴትዮዋም «ብርሽን አልመልስም» አለቻት፤ «አትመልሽ» አለቻትና በነጠላዋ ጫፍ አፏን ጠርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሥራዋ ግን አልጠበቃትም። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ አስጠርቶ ቢሮው አስገባት። ደባልቄ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቁልፎቹን በጣቱ ያሽከረክራል። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር። «እኔ አምኜ አይደለም፣ ሸዋሉል። ልጆቹ ግን ምሳ አንበላም ብለው ሳህን ገልብጠዋል። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ተቀመጪ» አለ። ይህን ሲል ቀና አለና ሳያስበው ዓይኑ ሆዷ ላይ ዐረፈ። ማረፉን ራሱም አወቀው፤ ቶሎ አነሳው። ሸዋሉል ልትናገር አፏን ከፈተች። ምን ትበል? ቀሚሷን ገልጣ አንጀቷን ታሳያቸው? ጠቅልላ የያዘችውን ሽርጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ኢንዓም ከወጥ ቤቱ በር ላይ በበርትኛ እየጮኸች የምትሰድበው ማንን እንደሆነ ለማወቅ ቋንቋውን ማወቅ አያስፈልግም ነበር።

ቤቷ ከገበያው በስተጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከኋላ በቆርቆሮ የተከለለች ማብሰያ። አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ አስማማው ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከወሎ በሠፈራ ለመምጣት ሲነሱ ሦስት ነበሩ፤ ታናሽ እህታቸው ገና መጠለያው ውስጥ ሳሉ፣ መኪናው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አስማማው እቅፍ ውስጥ ቀረች። አስማማው ከዚያ ወዲህ ትዳር አልያዘም። አንድ እግሩ ከታጠፈበት ስለማይዘረጋ ከሠፈራ መንደሩ እርሻውን ትቶ እሷ ጋ ከገባ ጀምሮ ማታ ማታ የሚያበስለው እሱ ነው። የጎረቤት ወንዶች ይስቁበታል፤ እሱ ግን «ቀኑን ሙሉ ለሰው ስታበስል ውላ ማን ያብስልላት?» ይላል። ብቻ ሸዋሉል ምግብ ከቀነሰች ወዲህ በሁለቱ መካከል አንድ ነገር ገብቷል። በመጀመሪያ ሰሞን፣ የሠራላትን ዶሮ ሳትነካ ብትመልስለት፣ «ራብን በገዛ እጅሽ ቤቴ አታስገቢብኝ» ብሎ ከጮኸ በኋላ ስለ ምግብ አይነጋገሩም። ጎመኗን ለብቻ ይቀቅልላታል፤ ታመሰግነዋለች፤ እሱ እንጀራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይበላል።

ከወትሮዋ ቀድማ ስለነበር የመጣችው አስማማው አልጠበቃትም። በጓሮ በኩል ገባች። ማብሰያው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የማይዘረጋውን እግሩን ወደ ጎን አድርጎ፣ ጎመኑን ያማስላል። «አያ» ልትል ስትል አንድ ቆርቆሮ ከምድጃው ጀርባ ሲያነሳ አየች። ከስደተኞች እጅ እየወጣ ገበያ የሚሸጠው የዕርዳታ ዘይት ነው፤ ሽታ የለውም፣ ቀለሙም እንደ ውኃ የሳሳ። አስማማው ወደ ድስቱ አዘነበለው። ጠብ ጠብ አይደለም፤ ረዥም፣ የማይቆረጥ ክር ሆኖ ወረደ። ከዚያ ጎመኑን በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጎ፣ ዘይቱ ቅጠሉ ውስጥ ጠልቆ እስኪጠፋ አሸው።

«አያ።»

ቆርቆሮውን ከኋላው ለመደበቅ ሞከረ፤ እጁ ዘገየበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ማንኪያውን አንስቶ ጎመኑን ገለበጠ።

«አያ አስማማው! ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥምቀት ወዲህ» አለ ወደ እሳቱ እያየ። «አንገትሽ ሥር አጥንቱ ወጣ። አየሁት። አላስችል አለኝ።»

ሸዋሉል የማብሰያውን ምሰሶ ያዘች። ማታ ማታ ያ ጎመን እንዴት እንዲህ ለስልሶ በጉሮሮዋ እንደሚወርድ ገርሟት ያውቅ ነበር፤ ለራበው ሰው ምን የማይጥም አለ ብላ ትታው ነበር። «በጨለማ እየተነሳሁ» አለች፤ መጀመሪያ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ «ጅብ ሳይገባ እየተነሳሁ፣ ሆዴን ይዤ ስሮጥ… አንተ ማታ ትመልስልኛለህ! ዛሬ ሐኪሙ ትዋሻለሽ አለኝ፤ አፍ አውጥቶ አይደለም፣ ግን አለኝ። ትምህርት ቤቱ በልተሻል ብሎ አባረረኝ። አዎ፣ አባረሩኝ! ውጭ ሌባ ሆንኩ፤ ሐኪም ፊት ውሸታም ሆንኩ፤ ቤቴ ስገባ ደግሞ አንተ!» ቆርቆሮውን ከእጁ ነጥቃ ወደ ደጅ ወጣችና ዘይቱን መሬት ላይ ገለበጠችው።

«አትድፊው!» ብሎ ጮኸ አስማማው። እንዴት እንደተነሳ አላየችም። ተንከባሎ ወጥቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ዘይቱን ከአፈሩ በሁለት መዳፉ ይዝቅ ጀመር። ቀይ ጭቃ ሆኖ በጣቶቹ መካከል ይንጠባጠባል፤ እሱ ይዝቃል፤ ይፈስሳል፤ ይዝቃል። ሽበታም ሰው ነው። ሸዋሉል ባዶውን ቆርቆሮ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም።

«እዚያ መጠለያው አንድ ጭልፋ ዘይት ብናገኝ ኖሮ ትተርፍ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «የእሷን አይቻለሁ። ያንቺን አላይም።»

«እኔን የሚገድለኝ ራብ አይደለም፣ አያ። ና ግባ። ላሳይህ።»

እጁን ይዛ አስገባችው። መደቡ ላይ አስቀመጠችውና፣ ካደገች ጀምሮ ፊቱ ነጠላዋን እንኳ ከትከሻዋ አውርዳ የማታውቀው ሸዋሉል፣ መቀነቷን ፈታች። ቀሚሷን ሰብስባ ሆዷን ገለጠች። አንድ ጊዜ አሳለች። እብጠቱ ወጣ፤ ቆዳዋ ሥር እንደ ታሰረ እንስሳ ተገላበጠ። አስማማው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አንጀቴ ነው» አለች። «አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስ ካለ ሬሳዬን ነው የምታነሳው። ይህን የሚሰፋው ሰው በሰኔ መጨረሻ ይሄዳል። ካልቀነስሽ አልነካሽም ብሎኛል። አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል ይቀረኛል።»

«ሐኪም ክሺ አለኝ ስትዪ…» አለ አስማማው። «የከተማ ነገር መስሎኝ። የቢሮ ሴቶች የሚያደርጉት። ለምን አልነገርሽኝም?»

«ወንድሜ አይደለህም እንዴ? ምን ብዬ ሆዴን ገልጬ ላሳይህ?»

 እሷ መቀነቷን አሰረች። እሱ ወጥቶ እጁን ታጠበ፤ ዘይቱ አልለቅ ብሎት ደጋግሞ በአመድ አሸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ኩራዙን አብርቶ የራሱን እንጀራ ከመሶቡ አወጣና መልሶ ከደነው።

«ብላ እንጂ» አለችው።

«አልራበኝም።»

በኩራዙ ብርሃን ፊቱን አየችው። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ የመንጋጋው አጥንት ይታያል። ይህን ቃል መጠለያው ውስጥም ብሎት ያውቃል፤ ድርሻውን ወደ እሷ እየገፋ። ከጥር ወዲህ ስንት ማታ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንደመለሰ፣ ሳይበላ እንዳደረ ጠይቃው አታውቅም። ተነሳች። የጎመኑን ድስት አመጣች፤ ውኃ አፈላችና ጎመኑ ላይ አፈሰሰችበት። ዘይቱ ክብ ክብ ወርቅ እየሆነ ተንሳፈፈ። ደፋችው፤ ደግማ አፈሰሰች። አስማማው ኩራዙን አንስቶ አጠገቧ ቆመና አበራላት። በሦስተኛው ውኃው ጠራ። የቀረው ጎመን የወዛ መልኩን አጥቶ፣ ኩምሽሽ ብሎ፣ እንደ ረጠበ ጨርቅ ድስቱ ግርጌ ተኝቷል።

ትሪ ላይ አድርጋ መካከላቸው አስቀመጠችው። አስማማው እሷን አየ፣ ጎመኑን አየ፣ አንድ ጉርሻ አነሳ። አላመጠ። ማላመጡ አላልቅ አለው።

«ይህን ነው ሰባት ወር ሙሉ የበላሽው?»

«ኧረ» አለች ሸዋሉል፣ «ዘይት ነበረው።»

መጀመሪያ እሱ ነው የሳቀው፤ ጎመኑ አፉ ውስጥ እንዳለ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ እሷን ያዛት። ሳቁ ሆዷን ወጋት፤ በሁለት እጇ ደግፋው ሳቀች፤ ዕንባዋ ወረደ፤ መቼ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠ አላወቀችም። አስማማው መሳቁን አቆመ። አፉ ውስጥ ያለውን ጎመን ዋጠ።

«ሰኔ ሳያልቅ ይወርዳል?» አላት ሲበርድላት።

«አይመስለኝም።»

ራሱን ነቀነቀ። የሚያጽናና ነገር አልፈለገም፤ ኖሮትም አያውቅም። ጥቂት ቆይቶ «ጨውስ? ጨውም ከለከለሽ?» አለ።

«ጨው አልከለከለኝም።»

«እንግዲያው ነገ ጨው አደርግበታለሁ» አለ። ከዚያ የቀረውን ጎመን በጣቱ ለሁለት ከፈለና የሚያንሰውን ወደ እሷ ገፋላት።